ማዕረግ በፋይል፦ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ አገልግሎት የደረጃ እድገት አሰጣጥ

በአገራችን የመንግሥት ሥራ ልማድ ሹመት ከደጅ ጥናት ተለይቶ የኖረበት ዘመን ጥቂት ነው። ከዚህ ልማድ የወጣን ሰዎች የአሜሪካንን የውጭ ጉዳይ አገልግሎት ስንመረምር በመጀመሪያ የሚያስገርመን፣ ለማዕረግ የሚወዳደረው ዲፕሎማት ከዳኞቹ ፊት ጭራሽ የማይቀርብ መሆኑ ነው። የሚቀርበው ፋይሉ ነው። በስደት ያደጉ ልጆቻችን ለዚህ ሙያ የሚፈተኑበት ጊዜ በመድረሱ፣ የአሠራሩን ውስጠ ነገር ማወቅ እንደ ቅንጦት የሚቆጠር አይመስለንም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1924 የወጣው የሮጀርስ ሕግ ቀድሞ ተለያይተው የነበሩትን የዲፕሎማቲክና የቆንስላ አገልግሎቶች አንድ አደረገ። የ1946ቱ ሕግ ደግሞ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ያላደገ ሰው እንዲሰናበት የሚያዝዘውን ደንብ ከባሕር ኃይል ተዋሰ። ይህ ደንብ በ1980ው ሕግም ጸንቷል። ሌላው መሠረት ማዕረጉ የሰውየው እንጂ የወንበሩ አለመሆኑ ነው፤ ልክ እንደ ወታደር ማዕረግ፣ ባለቤቱ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር አብሮት ይጓዛል።

ውድድሩ የሚካሄደው እንዲህ ነው። የቅርብ አለቃው በየዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ይጽፋል፤ የአለቃው አለቃ አስተያየቱን ይጨምራል፤ ባለጉዳዩም ስለ ራሱ የሚጽፍበት ቦታ አለው። ከዚያ የመራጮች ቦርድ ይሰየማል። አባላቱ ከተወዳዳሪዎቹ በማዕረግ የሚበልጡ መኰንኖችና ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የተጋበዘ ሰው ናቸው፤ ሕጉ ሴቶችና የአናሳ ወገን ተወላጆችም በበቂ ቁጥር እንዲገኙበት ያዝዛል። ቦርዱ ፋይሎቹን አንብቦ በብልጫ ቅደም ተከተል ይደረድራል። ስንት ሰው እንደሚያድግ የሚወስነው ግን መሥሪያ ቤቱ ስለሆነ፣ ቦርዱ ብቁ ያለውም ሰው ከመስመሩ በታች ሊቀር ይችላል። ከሁሉም በታች የተደረደሩት ደግሞ ለስንብት ሊታዩ ይችላሉ።

እንግዲህ ሙያው በአብዛኛው የጽሕፈት ሙያ ሆነ ማለት ነው። «ትጉህ፣ ታማኝ፣ ጨዋ» የሚል ሪፖርት ለማያውቀው አንባቢ ምንም አይነግረውም። ቦርዱ የሚፈልገው ምን ችግር እንደ ነበረ፣ መኰንኑ ምን እንዳደረገና በዚህ ሳቢያ ምን እንደ ተለወጠ ነው። በእኛ ቤት ያደገ ወጣት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለናል፤ ራስን ማመስገን ነውር ነው ተብሎ ስላደገ «አደረግሁ» ማለት ሲገባው «አደረግን» ብሎ ይጽፋልና። (ይህን የምንለው እኛው «እኛ» እያልን መሆኑን አንባቢ ይታገሠን።)

ይሁን እንጂ ፋይል ከተሰጠው ሥራ በላይ ሊያምር አይችልም። አድልዎ በቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ከመታየቱ በፊት በምደባው ውስጥ ተሠርቶ ያልቃል። ክሊፍተን ዋርተን በ1925 ፈተናውን ያለፉ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ፤ ለብዙ ዓመታት የተመደቡት ግን በላይቤሪያ፣ በካናሪ ደሴቶችና በማዳጋስካር ነው፤ የኖርዌይ አምባሳደር የሆኑት በ1961 ነበር። እስከ 1972 ድረስ ሴት ዲፕሎማት ስታገባ ሥራዋን እንድትለቅ ትደረግ ነበር፤ የወንዱ ሪፖርት ደግሞ የሚስቱን የእንግዳ አቀባበል ጭምር ይመዝን ነበር፤ ደመወዝ ለማይከፈላት ሴት! በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ኤምባሲ ያገለገሉት አሊሰን ፓልመር፣ በአፍሪካ የነበሩ አምባሳደሮች ሴት በመሆናቸው አልቀበልም ብለዋቸው ነበር። አቤቱታቸውን አሸንፈው በ1976 ስለ ሌሎቹም ሴቶች የጋራ ክስ አቀረቡ። በ1987 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሴቶቹ ላይ የተሰጠውን የሥር ፍርድ ሻረ። ከጭብጦቹ አንዱ ሴቶች ወደ ቆንስላ ሥራ መገፋታቸው ነበር። ጥቁር መኰንኖችም በ1986 የመሠረቱት ክስ በ1996 በስምምነት አልቋል። ስለዚህ ለእድገት የሚያስብ ሰው ሪፖርቱን ከመጻፉ በፊት መጠየቅ ያለበት የትኛው ሥራ ለማን እንደሚሰጥ ነው። ይህ ደግሞ በአብዛኛው በኮሪደር ስምና በትውውቅ የሚወሰን በመሆኑ፣ ደጅ ጥናት የተባለው ነገር ዋሽንግተንም ውስጥ የለም ለማለት አንደፍርም።

ወደ ከፍተኛው አገልግሎት መሻገር ሌላ ድፍረት ይጠይቃል። መኰንኑ እንዲታይለት ራሱ ማመልከት አለበት፤ ካመለከተ በኋላ በተወሰነው ጊዜ ካላለፈ ግን ጡረታ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ሳያመለክቱ ዓመታት የሚቆዩ አሉ።

ማዕረግ የሰውየው ነው የሚለው መሠረትም ቢሆን ወሰን እንዳለው ታይቷል። በሐምሌ 2025 መሥሪያ ቤቱ በአገር ውስጥ ተመድበው ይሠሩ ለነበሩ 246 የውጭ አገልግሎት መኰንኖች የስንብት ማስታወቂያ ሰጠ። የሙያ ማኅበራቸው አጥብቆ የተቃወመው፣ ለመቀነሱ መለኪያ የሆነው የእያንዳንዳቸው ፋይል ሳይሆን በዚያን ጊዜ የተቀመጡበት ቢሮ መሆኑን ነበር።