የምርጫ ቅስቀሳ የደረት አርማዎች የታሪክ ማስረጃነትና የሕግ ጥበቃቸው

በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ወቅት ደጋፊዎች ደረታቸው ላይ የሚሰኳቸው ክብ አርማዎች የምርጫው ዕለት ሲያልፍ አገልግሎታቸው ያበቃል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ በሙዚየሞችና በሰብሳቢዎች እጅ የታሪክ ማስረጃ ሆነው ይቆያሉ። ይህ ዋጋቸው የሚጸናው ግን በምርጫው ዘመን የተሠሩ መሆናቸው ሲረጋገጥ ነው።

የአርማዎቹ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1789 ጆርጅ ዋሽንግተን ሥልጣን ሲረከቡ ለመታሰቢያነት የተሠሩት የብረት የልብስ ቁልፎች ናቸው። በ1860 የአብርሃም ሊንከን ፎቶግራፍ በስስ ብረት ላይ ታትሞ በትናንሽ ክፈፎች ተሠራጭቷል። ዛሬ የሚታወቀው አርማ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ዊሊያም ማኪንሌይና ዊሊያም ጄኒንግስ ብራያን በተወዳደሩበት በ1896 ነው። በኒው ጀርሲ ግዛት ይገኝ የነበረው ኋይትሄድ ኤንድ ሆግ ኩባንያ የታተመ ወረቀት በብረት ላይ አድርጎ በሴሉሎይድ በመሸፈንና ከጀርባው የሽቦ መርፌ በመግጠም አርማውን በብዛት አምርቷል።

በሰብሳቢዎች ዘንድ የተሸናፊዎች አርማ ከአሸናፊዎቹ የበለጠ ዋጋ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። በ1920 የተሸነፉትን ጄምስ ኮክስንና ምክትላቸው ሆነው የቀረቡትን ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ጎን ለጎን የሚያሳዩት አርማዎች ጥቂት በመሆናቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ በ2022 በጨረታ ከ185 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጧል።

የዋጋው ማደግ አስመስሎ መሥራትን ያበረታታል። በመሆኑም በ1973 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ተመስለው የሚሠሩ የፖለቲካ ዕቃዎች የተመረቱበት ዓመት በማይለቅ ምልክት እንዲጻፍባቸው ያስገድዳል። አፈጻጸሙንም የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይከታተላል። ሕጉ ቅጂ መሥራትን ባይከለክልም ገዢው ሳያውቅ እንዳይታለል ይጠብቃል።

ከሕጉ በፊት የተሠሩ ቅጂዎች ግን ይህ ምልክት ላይኖራቸው ስለሚችል ሰብሳቢዎች የአሠራሩን ዘዴ ይመረምራሉ። ለምሳሌ በቀጥታ በቆርቆሮ ላይ የማተም ዘዴ ለአርማዎች የተለመደው ከ1916 እስከ 1920 ባሉት ዓመታት አካባቢ ነው። ስለዚህ በዚህ ዘዴ ታትሞ የማኪንሌይን ምስል የያዘ አርማ የ1896 ነው ተብሎ ቢቀርብ ከጊዜ በኋላ የተሠራ ቅጂ መሆኑን ያመለክታል። ይህን የመሰለው ማጣራት አርማው ዕውነተኛ የዘመኑ ምስክር ሆኖ ለተመራማሪዎች እንዲተላለፍ ያስችላል።