ከእትብት የሚበቅል ደም

ጎፋ ገብርኤል አካባቢ ተወልዶ ያደገ ሰው አገሩን ሲጠየቅ «እትብቴ የተቀበረው ጎፋ ነው» ይላል። አባባሉ ከእውነተኛ ልማድ የመጣ ነው፤ ልጅ ሲወለድ እትብቱና እንግዴ ልጁ ከቤቱ ደጃፍ ይቀበሩ ነበር። ዛሬ በጤና ተቋም ሲወለድ እንግዴ ልጁ ለዚሁ በተቆፈረ ጉድጓድ ይገባል። አብሮት የሚገባው ደም ግን የሌላ ሰው ሕይወት ሊያተርፍ የሚችል ነው።

እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ በእትብቱና በእንግዴ ልጁ ውስጥ አንድ ሁለት የቡና ሲኒ የሚሆን ደም ይቀራል። በውስጡም በአዋቂ ሰው መቅኔ ውስጥ የሚኖሩት ደም አመንጪ ህዋሳት በብዛት ይገኛሉ። መቅኔው የታመመ ሰው ሕክምና ተሰጥቶት አሮጌው መቅኔ ሲጠረግ፣ እነዚህ ህዋሳት በደም ሥር ይገቡና ራሳቸው ወደ አጥንት መንገዱን አግኝተው አዲስ ደም መሥራት ይጀምራሉ። ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1988 በፓሪስ ሴን ሉዊ ሆስፒታል ነው። ሐኪሟ ኤሊያን ግሉክማን ፋንኮኒ አኒሚያ ለተባለ የደም በሽታ የተዳረገን የ5 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ በአራስ እህቱ የእትብት ደም አከመችው።

ነገሩ በተለይ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በወጣ ጥናት መሠረት የአውሮፓ ዝርያ ያለው በሽተኛ ሙሉ በሙሉ የሚመሳሰለው መቅኔ ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 75 ከመቶ ሲሆን፣ የጥቁር ሕዝቦች ግን ከ16 እስከ 19 ከመቶ ብቻ ነው። የእትብት ደም ፍጹም መመሳሰልን አጥብቆ ስለማይጠይቅ ይህን ክፍተት ያጠብባል።

ችግሩ መጠኑ ነው። ደሙ ትንሽ ስለሆነ በሽተኛው ኢንፌክሽን የሚከላከሉለት ኒውትሮፊሎች በአንድ ማይክሮ ሊትር 500 እስኪደርሱ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ሳምንት ይጠብቃል። በዚያ ጊዜ ቀላል የሚመስል ትኩሳት ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ከእትብት ደም ባንክ ከሚመጡት የደም ከረጢቶች ቶሎ የሚበቅለውን መምረጥ አለበት።

የቆየው መለኪያ ኒውክለስ ያላቸውን ህዋሳት በሙሉ መቁጠር ነው፤ ለበሽተኛው በኪሎ ቢያንስ 25 ሚሊዮን ይፈለጋል። ይህ ዘርን በኩንታል እንደመመዘን ነው። ጆንያው ሙሉ ቢሆንም ነቀዝ ወይም እርጥበት የነካው ዘር አይበቅልም። ገበሬ ጥርጣሬ ሲገባው እፍኝ ዘር አርሶ ስንቱ እንደሚያቆጠቁጥ ያያል።

ላቦራቶሪውም ይህንኑ ያደርጋል። ጥቂት ህዋሳት እንደ ወፍራም አጥሚት በረጋ ምግብ ላይ በሳህን ይዘሩና በ37 ዲግሪ ሙቀት ለ14 ቀን ይቀመጣሉ። ሕያው የሆነ አንድ አመንጪ ህዋስ ተባዝቶ በማይክሮስኮፕ የሚታይ መንጋ ይሆናል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ የሁለቱ ቅይጥ። የመንጋዎቹ ቁጥር ስንት ህዋስ እንደበቀለ ይናገራል። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 በ435 በሽተኞች ላይ ባወጡት ጥናት፣ የኒውትሮፊልና የፕሌትሌት መመለስን ከሌሎቹ መለኪያዎች ይልቅ አጥብቆ የተነበየው ይህ ቆጠራ ነበር፤ በተለይም ደሙ ከበረዶ ከቀለጠ በኋላ ሲሠራ።

ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ በፈሳሽ ናይትሮጅን የቆየ ደም ሲቀልጥ ከፊሉ ይሞታልና ምርመራው የሚሠራበት ሰዓት ወሳኝ ነው። 14 ቀን መጠበቅ ለማይችል፣ ሲዲ 34 የተባለ ምልክት ያላቸውን ህዋሳት በጨረር የሚለይ ማሽን በሰዓታት ውስጥ ግምት ይሰጣል። ከረጢቱን ሳይከፍቱ ለመፈተንም ከጎኑ የተንጠለጠለች አጭር የደም ቱቦ ተቆርጣ ትቀልጣለች።

አገራችን የእትብት ደም ባንክ ስታቋቁም ማቀዝቀዣውን ከመግዛት እኩል ይህን የቡቃያ ምርመራ እንድታስብበት እመኛለሁ። የጎፋ እናት የልጇን እትብት በአደራ ስትሰጥ፣ ደሙ በሌላ ልጅ አጥንት ውስጥ መብቀል እንደሚችል አስቀድሞ የማረጋገጥ ዕዳ በተቀባዩ ባንክ ላይ ነው።