የቃጫው ዘመድ በሞገድ ላይ

ሰርፍ ቦርድ በባሕር ሞገድ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ ነው። በጥንታዊቷ ሃዋይ ኮአና ዊሊዊሊን ከመሳሰሉ ዛፎች ይጠረብ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን ፖሊዩሪቴን የተባለው የነዳጅ ዘይት አረፋ ቦታውን ወረሰ። ወደ ተክል የተመለሱ ሠሪዎች ባልሳ፣ ፓውሎኒያና ቡሽ ይሞክራሉ፤ ከሁሉም ያልተዘመረለት ግን አጋቬ ነው።

አጋቬ ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ አይደለም፤ ገመድና ጆንያ የሚሠራበት ቃጫ ከዚሁ ወገን ነው። ቅጠሉን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ አበባ የሚሸከመውን ዘንግ ልብ የሚል ግን ጥቂት። ትልቁ የአሜሪካ አጋቬ «የመቶ ዓመት ተክል» ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ ያብባል፤ ዘንጉም እስከ 8 ሜትር ይመዘዛል። አንዴ ካበበ ይሞታል፤ ከሥሩ ግን ቡቃያ ትቶ ነው። ሠሪው የሚፈልገው ቆሞ የደረቀውን ዘንግ ስለሆነ «ለጨዋታ ሲባል ተክል ይገደላል» የሚለው ሐሜት መሠረት የለውም።

የዘንጉ ውጪ ጠንካራ፣ ውስጡ ጭረታምና ቀላል ነው። በካሊፎርኒያ ሰሌዳ ሠሪው ጋሪ ሊንደን ከዚህ ዘንግ ሰርፍ ቦርድ በመሥራት ይታወቃል። ዘንጎቹ በመጋዝ ተሰንጥቀው ጎን ለጎን በሙጫ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ መላጊያና የብርጭቆ ወረቀት ቅርጹን ያወጡለታል።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ገዢው «የተክል ሰሌዳ» ሲባል የሰሌዳውን ልብ አይቶ ይረካል፤ ቆዳውን አይጠይቅም። እንጨቱ ውሃ ስለሚጠጣ ራቁቱን ባሕር አይገባም፤ ፋይበር ግላስ የተባለ የመስታወት ጭረት ጨርቅ ለብሶ ኢፖክሲ የተባለ ሙጫ ይቀባል። ፋይበር ግላሱን በተልባ ጭረት ጨርቅ የሚተኩ አሉ፤ ኢፖክሲው ግን አስቸጋሪ ነው። «ባዮ» የተባለውም ቢሆን ከተክል የሚያገኘው ከካርቦኑ ከፊሉን ነው፤ የቀረው ያው ነዳጅ ዘይት ነው። አንዴ ከጠነከረ ደግሞ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ስለሚቆላለፉ መልሶ አይቀልጥም፤ ቢቀበርም እንደ ቅጠል አይበሰብስም። እ.ኤ.አ. በ2015 በካሊፎርኒያዋ ሳን ዲዬጎ ከአልጌ ዘይት የተሠራው የሰሌዳ አረፋም ፖሊዩሪቴን ነው፤ ምንጩ ተለወጠ እንጂ ባሕርዩ ያው ነው።

እንግዲህ ቆዳው የማይበሰብስ ከሆነ ሰሌዳው ብዙ ዓመት ማገልገል አለበት። የጥንት ሃዋያውያን ከባሕር ሲወጡ ሰሌዳቸውን አድርቀው፣ በኮኮናት ዘይት አሽተው፣ ከተቀጠቀጠ የዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ ነበር። የዛሬው ቸልተኛ ግን ጥፍር የምታክል ስንጥቅ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ተመልሶ ይገባል። ውሃው በስንጥቁ ሾልኮ እንጨቱን ያሳብጠዋል፣ ቆዳውንም ከልቡ ያላቅቀዋል። የተሰነጠቀ ሰሌዳ ወዲያው ከውሃ ይወጣል፤ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በጥላ ሥር ቀናት ይቆያል፤ ቀዳዳው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ በጨርቅና በኢፖክሲ የሚደፈነው ውስጡ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው።