የኮፓ መከላከያ፦ ለድንጋይ የሚከፈል አረቦን

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንን ገበያ የሚያውቅ ነጋዴ፣ ሰንበቴ እሑድ፣ ባቲ ደግሞ ሰኞ እንደሚቆም ይነግርዎታል። ከገበያው አንድ ቀን የዘገየ ሰው የሚያጣው አንድ ቀን ሳይሆን ሙሉ ሳምንት ነው። ስለዚህ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ማሾ፣ ማሽላ ወይም ፍየል ሊገዛ በፒካፕ ቆላ የሚወርድ ነጋዴ ከነዳጁ ዋጋ ይልቅ የሚያሰጋው ሌላ ነገር አለ። እሱም ከወንዝ አሸዋ ውስጥ ብቅ ብላ የመኪናውን ሆድ የምትመታ አንዲት ድንጋይ ናት።

ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ከሚሴ በደሴው አስፋልት ላይ ትገኛለች። ከአስፋልቱ ለማይወርድ መኪና መከላከያ ማስገጠም ከንቱ ወጪ ነው። ወደ ደዌ ሀረዋ ቆላ በደረቅ ወንዝ ውስጥ ለሚመላለስ፣ ወይም በክረምት የጨፋን ሜዳ መረሬ አቋርጦ ጥልቅ የጎማ ቦይ ውስጥ ለሚገባ መኪና ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሞተሩ ሥር የተንጠለጠለው ኮፓ ዘይት መያዣ እንጂ ጋሻ አይደለም። ከተሰነጠቀ ዘይቱ ይፈስሳል፤ ሾፌሩ የዘይት መብራቱን ሳያይ ከቀጠለ ብሮንዚናው ይቃጠላል፣ ኮሎው ይበላል። በአንድ ድንጋይ የተጀመረው ጉዳት ሙሉ ሞተር በማሠራት ያበቃል።

የዚህ ጉዳት ዋጋ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም አብሮት ሄደ። እጅ ላይ ያለ ላንድክሩዘር ወይም ሃይሉክስ ዛሬ መጓጓዣ ብቻ ሳይሆን በቀላሉ የማይተካ ካፒታል ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል መከላከያውን የማሠራትና የማስገጠም ወጪ ሞተር ከማሠራት ወጪ አንድ አሥረኛ ነው እንበል። መኪናው በእጅዎ በሚቆይበት ዘመን ሞተሩን የሚያበላሽ ምት የመድረሱ ዕድል ከአሥር አንድ የሚበልጥ ከሆነ መከላከያው ዋጋውን መለሰ ማለት ነው። በዚህ ላይ ጋራዥ ውስጥ የሚያልፉትን የገበያ ሳምንታት መደመር አይዘንጋ።

ከምን ይሠራ?

ምርጫው በብረትና በአሉሚኒየም መካከል ነው። 80 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 4 ሚሊ ሜትር የብረት ላሜራ 15 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በዚሁ ስፋት ባለ 6 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ከ8 ኪሎ አይበልጥም። አሉሚኒየም ይቀላል፣ አይዝግም። ቢሰነጠቅ ግን ለመበየድ እንደ አርጎን ያለ ልዩ የብየዳ መሣሪያና የተለማመደ እጅ ይፈልጋል። ብረት ቢጎብጥ በመዶሻ ይቃናል፣ ቢቀደድ ተራ የኤሌክትሪክ ብየዳ ያለው ሠራተኛ ይዘጋዋል። ኑሮው በከሚሴና በቆላው መካከል ለሆነ ነጋዴ ይህ ከክብደቱ ልዩነት ይበልጣል። ሆኖም እያንዳንዱ ኪሎ ከሚጫነው ማሾ ላይ እንደሚቀነስ አስቦ፣ ሆዱን ሁሉ ከማልበስ ኮፓውንና ራዲያተሩን ማስቀደም፣ ቀጥሎ ካምቢዮውን፣ ከዚያም የነዳጅ ታንኩን ማየት ይበጃል።

አገጣጠሙ ላይ ገንዘብ ይጠፋል

በደንብ ያልተገጠመ መከላከያ ከሌለው የባሰ ሊጎዳ ይችላል። መያዣው ሻንሲው ላይ ባሉት ቀዳዳዎች በቡሎን መታሰር አለበት። ሻንሲ ላይ መበየድ ብረቱን ያደክማል፤ የባትሪው ገመድ ሳይነቀል ሲበየድም የመኪናው ኮምፒዩተር ሊቃጠል ይችላል። ሞተርና ካምቢዮ በጎማ ላይ ተቀምጠው የሚንቀጠቀጡ ስለሆኑ መከላከያው እነሱ ላይ አይታሰርም። በላሜራውና በኮፓው መካከል ሁለት ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ካልተተወ ላሜራው ሲጎብጥ ራሱ ኮፓውን ይመታዋል።

የፊት ጠርዙ ወደ ላይ መታጠፍ አለበት፤ ያለዚያ ድንጋዩን በመንሸራተት ፋንታ ይገጨዋል። የቡሎኖቹም ራስ ወደ ውስጥ ካልገባ ድንጋይ ይቆርጠዋል። ዘይት የሚፈስበትና ሙቀት የሚወጣበት ቀዳዳ ያስፈልጋል። ከጨፋ ሣር ውስጥ የወጣ መኪና ደግሞ በላሜራውና በማርሚታው መካከል ደረቅ ሣር ይዞ ሊሄድ ስለሚችል፣ እሳት እንዳያስነሣ ጎንበስ ብሎ ማየትና ማጽዳት የሾፌሩ ግዴታ ነው። ሠራተኛው ሥር ሲገባ መኪናው በክሪክ ብቻ እንዳይቆም፤ ጠንካራ መደገፊያ ይደረግ። ከመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቡሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ።

ለገዢና ለደላላ

አሮጌ መኪና የሚያገበያይ ደላላም ከዚህ የሚማረው አለ። መከላከያ ጋሻ ብቻ ሳይሆን መጋረጃም ነው፤ የሚያንጠባጥብ ሞተርን ይደብቃል። ስለዚህ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ላሜራው ተፈትቶ ይታይ። ላሜራው ላይ ያሉት ጭረቶች መኪናው የት እንደዋለ ይናገራሉ፤ ከተማ ብቻ ነው የተነዳው የሚል ሻጭ የተቦጫጨቀ ላሜራ ካለው ዋጋው እንደገና ይነጋገሩበት። በቡሎን የታሰረ መከላከያ ተፈትቶ ለብቻው ይሸጣል፤ ሻንሲ ላይ የተበየደ ግን የመኪናውን ዋጋ ያወርዳል።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና የገዙም ጉዳዩ አይመለከተንም አይበሉ። ኮፓ ባይኖረውም ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ውዱ የሆነው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ የተዘረጋው ወለሉ ሥር ነው። የባትሪውን ሣጥን በስቶ ላሜራ ማሰር ግን አደገኛ ነው፤ ዋስትናንም ሊያሳጣ ይችላል። ለሞዴሉ የተዘጋጀ መከላከያ ካልተገኘ የሚሻለው መኪናውን ከአስፋልት አለማውረድ ነው።

መከላከያ ትርፍ አያመጣም፤ እንደ ማንኛውም አረቦን ኪሳራን ይቀንሳል። የመግዛት ወይም የመተው ውሳኔ ከጎረቤት መኪና መልክ ሳይሆን ከራስ መንገድ መነሣት አለበት። መንገድዎ አስፋልት ከሆነ ገንዘብዎን ዕቃ ይግዙበት። መንገድዎ ወንዝ ውስጥ ከሆነ ግን ከሚቀጥለው ሰኞ በፊት ከመኪናዎ ሥር ጎንበስ ብለው ይመልከቱ።