የማኅበሮች ጠባይና አስተዳደር፥ የሂሳብ ምርመራና የአክሲዮን ዋጋ

በኮልፌ ቀራንዮ ከጦር ኃይሎች አደባባይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ተማሪ፥ በክፍል ውስጥ ስለ ድርጅቶች ባለቤትነት የሚማረው ነገር በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይታየዋል። ከአያት ተነሥቶ ከተማውን የሚያቋርጠው ቀላል ባቡር የሚያበቃው እዚህ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር የመንግሥት ንብረት ሲሆን የተሠራውም በአብዛኛው ከቻይና ኤክሲም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። ባቡሩ ወደ ልደታ ሲመለስ መጀመሪያ የሚቆምበት ጣቢያ «ኮካ» ይባላል፤ ይህን ስም ያገኘው ከኢስት አፍሪካ ቦትሊንግ አክሲዮን ማኅበር የለስላሳ ፋብሪካ ነው፤ የዚህም ማኅበር አብዛኛው ድርሻ በአንድ ትልቅ የውጭ ባለቤት እጅ ነው። በመንገዱ ዳርና ዳር ደግሞ የግል ባንኮች ቅርንጫፎች አሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ብዙ ሺህ ባለ አክሲዮኖች ናቸው። የሦስቱም ዓይነት ድርጅቶች ሂሳብ ይመረመራል። ይሁን እንጂ ምርመራው ለሦስቱም የሚሰጠው ጥቅም አንድ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣና የአክሲዮንን ዋጋ እንዴት እንደሚነካ ነው።

ነገሩን ሁላችንም ከምናውቀው ከእድር እንጀምር። ስድሳ አባላት ባሉት እድር ገንዘብ ያዡን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቤቱንም፥ ኑሮውንም፥ ጠባዩንም ያያል። አባላቱ ስድሳ ሺህ ቢሆኑ ግን ገንዘብ ያዡን የሚያውቀው ማነው? አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባወጣው መጽሐፍ የሌላውን ሰው ገንዘብ የሚያስተዳድር ሰው እንደ ገዛ ገንዘቡ ተግቶ እንደማይጠብቅ አስገንዝቦ ነበር። ጄንሰንና ሜክሊንግ የተባሉት ሊቃውንትም እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን ሐሳብ አስፍተው፥ ባለቤትና አስተዳዳሪ ሲለያዩ የሚደርሰውን ጉዳትና ጉዳቱን ለመከላከል የሚወጣውን ወጪ «የወኪልነት ወጪ» ብለው ሰየሙት። የሂሳብ ምርመራ ከነዚህ ወጪዎች አንዱ ነው።

እንግዲህ የመርማሪውን ሥራ ክብደት የሚወስነው በመጀመሪያ የማኅበሩ ጠባይ ነው፤ ይኸውም መጠኑ፥ ዕዳው፥ የባለቤትነቱ አከፋፈልና የሥራው ዓይነት ነው። የለስላሳ ፋብሪካ ሣጥኑና ስኳሩ በዓመቱ መጨረሻ ሊቆጠር ይችላል። የባንክ ዋና ሀብት ግን ብድር ነው፤ ብድሩ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለው ጥያቄ በግምት የሚመለስ ነው። የማይመለሰው ብድር ባነሰ ቁጥር ከተገመተ ትርፉ በዝቶ ይታያል፤ በዝቶ የታየውም ትርፍ ለባለ አክሲዮኖች ይከፋፈላል፤ ጉድለቱ ሲገለጥ ግን የተከፋፈለው ገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ ከፋብሪካው ይልቅ በባንኩ ዘንድ የመርማሪው አስተያየት የበለጠ ይመዝናል።

ሁለተኛው ነገር አስተዳደሩ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፥ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 እስኪተካ ድረስ፥ መርማሪውን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው እንዲሆን ያዝዝ ነበር፤ የዲሬክተሮች ዘመድ እንዳይመረጥ ይከለክል ነበር፤ ከካፒታሉ መቶኛ 20 ያላቸው ባለ አክሲዮኖችም የራሳቸውን መርማሪ እንዲሾሙ ይፈቅድ ነበር። ይህ መብት ትልቅ ነው። ነገር ግን በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592፥ ከመንግሥት በቀር ማንም ሰው ከአንድ ባንክ አክሲዮን ከመቶ 5 በላይ እንዳይይዝ ደነገገ። ይህ ድንጋጌ አንድ ባለጸጋ ባንኩን እንዳይጠቀልለው ይጠብቅ ነበር። በሌላ በኩል ግን ተግቶ ለመቆጣጠር የሚያስችል ድርሻ ያለው ሰው አይኖርም ነበር፤ እያንዳንዱም «ሌላው ይጠይቅ» እያለ ይቀመጥ ነበር። ጉባኤው ይመርጣል ቢባልም፥ ዕጩውን የሚያቀርበው የዲሬክተሮች ቦርድ ከሆነ ተመርማሪው መርማሪውን መረጠ ማለት ነው።

ዲአንጀሎ የተባለችው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 እንደ ጻፈችው፥ የምርመራ ጥራት ስሕተትን ማግኘትና ያገኙትን መናገር ነው። ለማግኘት ዕውቀት ያስፈልጋል፤ ለመናገር ግን ነጻነት ያስፈልጋል። የአሜሪካው ኤንሮን ለዚህ ምስክር ነው። መርማሪው አርተር አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ለምርመራ 25 ሚሊዮን ዶላር፥ ለሌላ አገልግሎት ደግሞ 27 ሚሊዮን ዶላር ከዚያው ማኅበር ተቀበለ። በዚያው ዓመት 90 ዶላር ገደማ ደርሶ የነበረው የኤንሮን አክሲዮን በኅዳር 2001 ከአንድ ዶላር በታች ወረደ። ያላዋቂ መርማሪ ነበር ለማለት አይቻልም፤ የጎደለው ነጻነት ነበር።

በአገራችን የአክሲዮን ዋጋ በግልጽ ገበያ ሳይታይ ረጅም ዘመን አልፏል። ጄምስ ቶቢን ያስተማረው መለኪያ የማኅበሩን የገበያ ዋጋ ንብረቱን ለመተካት ከሚያስፈልገው ወጪ ጋር ያነጻጽራል፤ ገበያ በሌለበት ግን መለኪያው አይሠራም። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ከዚህ በኋላ የመርማሪው ቃል በዋጋ ላይ ሲነበብ ልናይ እንችላለን። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ጥሩ መርማሪ ያለው ማኅበር ዋጋው ከፍ ብሎ ቢገኝ፥ ምርመራው ዋጋውን ከፍ አደረገው ለማለት አንቸኩል፤ ቀድሞውንም ጤነኛ የሆነው ማኅበር ጥሩ መርማሪን ሳይፈራ ቀጥሮ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ ምርመራ ለማኅበር ዋጋ የሚጨምረው መርማሪውን የሚሾመውና ደመወዙን የሚወስነው ከተመርማሪው ሌላ ሲሆን ብቻ ነው። ይህ ካልሆነ ሪፖርቱ ወረቀት ነው፤ የጡረታ ገንዘቡን በአክሲዮን ያዋለው ሽማግሌም «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እንዳለው ሰው ይሆናል። ከኛ መካከል ብዙዎቻችን ነገ መርማሪዎች እንሆናለን፤ ወላጆቻችንም ዛሬ ባለ አክሲዮኖች ሊሆኑ ይችላሉ። ወደ ጉባኤው ሲሄዱ፥ ስለ ትርፍ ድርሻው ከመጠየቃቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እንምከራቸው፤ መርማሪውን ማን አቀረበው? ከምርመራው ሌላ ከማኅበሩ ምን ይከፈለዋል? የማይመለሰውስ ብድር እንዴት ተገመተ?