«እቁብ ካልጣልኩ ዳኛው ይመጣል፤ ኪኒን ካልዋጥኩስ ማን ይመጣል?» ከተክለ ሃይማኖት ነጋዴ የተማርኳቸው 5 የስኬት ልማዶች



ዛሬ ስለ ስኬት ነው የማወራችሁ። አውቃለሁ፣ ስልካችሁ ላይ በቀን አስር «የስኬት ሚስጥር» የሚል ቪዲዮ ይመጣባችኋል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብ፣ በወር አራት መጽሐፍ አንብብ... አይታችሁ፣ ላይክ አድርጋችሁ፣ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። እኔም እንደዛው ነኝ። የዛሬውን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከቪዲዮ ሳይሆን ከአንድ የተክለ ሃይማኖት ነጋዴ ነው።

ታካሚዬ ናቸው። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል። በልጅነታቸው ከገጠር መጥተው፣ ሊስትሮ ሠርተው፣ በረንዳ ላይ ካልሲ ሸጠው፣ ቀስ በቀስ ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ የራሳቸውን ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ሁለት ልጆች ዩኒቨርሲቲ አስመርቀዋል። ስኬታማ ሰው ማለት እንግዲህ እሳቸው ናቸው።

የመጡት «ራሴን ያመኛል፣ ዓይኔም ብዥ ይልብኛል» ብለው ነው። ግፊታቸውን ስለካ 190/115። የደም ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው ስድስት ዓመት አልፏል። መድኃኒትም ታዞላቸዋል። «ሲያመኝ እወስዳለሁ፣ ሲሻለኝ እተዋለሁ» አሉኝ። የደም ምርመራው ሲመጣ ኩላሊታቸው ግማሽ ያህል አቅሙን አጥቷል።

ትንሽ ተበሳጨሁ። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ሱቅ እያስተዳደሩ በቀን አንድ ኪኒን መዋጥ እንዴት ያቅትዎታል?» አልኳቸው።

ሳቅ አሉና እንዲህ አሉኝ፦ «ዶክተር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እቁብ ቀርቶብኝ አያውቅም። እቁብ ካልጣልኩ ዳኛው ይመጣል። ኪኒን ካልዋጥኩስ ማን ይመጣል?»

እውነቱን ልንገራችሁ? ያኔ ምንም መልስ አልነበረኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ነገሩ ገባኝ። ሰውየው ሰነፍ አይደሉም። ሃያ ዓመት በየቀኑ ገንዘብ ያዋጣ ሰው ዲሲፕሊን የለውም ልትሉት አትችሉም። ለገንዘባቸው የሚጠብቃቸው ሥርዓት አለ፤ ለጤናቸው ግን የለም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

➡️ እቁብ ለምን ይሠራል?

መርካቶ ዛሬ ባለበት ቦታ የተስፋፋው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባለው ጊዜ ነው። ጣሊያኖቹ የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንስተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት። ስሙም የጣሊያንኛ ነው፣ ገበያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከዶርዜና ከሌላውም የአገራችን ክፍል ስንቱ ወጣት ባዶ እጁን መጥቶ ሰው ሆኖበታል። ባንክ የማያበድረው ሰው መነሻ ካፒታሉን ያገኘው ከየት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከእቁብ ነው።

እስቲ እቁብን እንደ ሐኪም እንመርምረው። ውስጡ አምስት ነገር አለ።

1️⃣ ሰዓቱና ቦታው ይታወቃል

እቁብ ላይ «ሲመቸኝ እጥላለሁ» የሚባል ነገር የለም። ሰብሳቢው በሰዓቱ ሱቅ ይመጣል፣ አለቀ።

ጤና ላይ ግን ቋንቋችን ሌላ ነው። «ስፖርት ልጀምር አስቤያለሁ»፣ «ከበዓል በኋላ ቅባት እቀንሳለሁ»። መቼ? የት? አይታወቅም።

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት አለ። ተማሪዎችን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ምንም አልተነገራቸውም። ሁለተኛዎቹ ስለ ስፖርትና ስለ ልብ በሽታ አነቃቂ ጽሑፍ ተሰጣቸው። ሦስተኛዎቹ ጽሑፉን ካነበቡ በኋላ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ቦታ እሠራለሁ» ብለው ጻፉ። በሳምንቱ ውስጥ ስፖርት የሠሩት ከመጀመሪያዎቹ 38 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 35 በመቶ፣ ከሦስተኛዎቹ 91 በመቶ ነበሩ።

አያችሁ? አነቃቂ ንግግር ብቻውን ምንም አልፈየደም። ለውጥ ያመጣው ሰዓቱንና ቦታውን መወሰን ነው።

2️⃣ መዋጮው ትንሽ ነው፣ ግን አይቋረጥም

እቁብ የሚመሠረተው አቅም በሚፈቅደው መጠን ነው። ጉልበቱ ያለው መደጋገሙ ላይ ነው። እኛ ደግሞ ስፖርት ስንጀምር በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት እንሠራለን፣ በማግስቱ ደረጃ መውጣት ያቅተናል፣ በሦስተኛው ቀን በቃ።

«ልማድ በ21 ቀን ይመጣል» የሚባለውን ሰምታችኋል አይደል? መነሻው ማክስዌል ማልትዝ የሚባል የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ታካሚዎቹ ከአዲሱ መልካቸው ጋር ለመላመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ታዝቦ ጻፈ። እሱ የጻፈው ስለ ራሱ ታካሚዎች ነው፤ ሰው ግን ለሁሉም ልማድ አደረገው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው ያገኙት አማካይ 66 ቀን ነው። እንደ ሰውየውና እንደ ልማዱ ዓይነት ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ስለዚህ በወሩ «አልለመደብኝም» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ገና መንገድ ላይ ናችሁ። ደስ የሚለው ነገር፣ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርስ እዚያው ጥናት ላይ ታይቷል። አደጋው አንድ ቀን ዘልሎ በዚያው መቅረት ነው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴን አስታውሱ። አሰላ አካባቢ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር። ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ ስለሚሮጥ ትልቅ ሰው ሆኖም ግራ እጁን አጠፍ አድርጎ ነበር የሚሮጠው። እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሲጨርስ፣ በዓለም የመጀመሪያው ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ ሰው ሲሆን፣ የልጅነት ልማዱ አብሮት ነበር። በየቀኑ የምናደርገው ነገር ሰውነታችን ላይ ይጻፋል። ክፉውም ደጉም።

3️⃣ ሰው ያየዋል

እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። ብትቀሩ ትታወቃላችሁ። ገንዘቡም ያላችሁበት ሆኖ እንዳሻችሁ አትነኩትም። ይሄ ጭቆና ሊመስል ይችላል፤ ግን ሰው ራሱን ከራሱ ድክመት የሚጠብቅበት ዘዴ ነው።

ፊሊፒንስ ውስጥ አንድ ባንክ ለደንበኞቹ «ግባችሁ እስኪደርስ ገንዘባችሁን የማታወጡበት» የቁጠባ ሂሳብ አቀረበላቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ጥናት መሠረት፣ ዕድሉን ያገኘው ቡድን ቁጠባ በዓመቱ ካላገኘው ቡድን በ81 በመቶ ነጥብ በልጦ አደገ። የኛ አባቶች ይሄን ያለ ጥናት ደርሰውበታል።

ኪኒንን ግን ማን ያያል? ማንም። ለዚህ ነው የሚረሳው።

4️⃣ ተራን መጠበቅ፣ ግን ከታመነ ሰው ጋር

የስኬት አሰልጣኞች የሚወዱት አንድ ታሪክ አለ። ሕፃኑ ከረሜላውን ሳይበላ ከታገሠ ሁለት ይሰጠዋል፤ የታገሠው ልጅ ሲያድግ ስኬታማ ሆነ የሚል። የስታንፎርዱ ዋልተር ሚሼል ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ከ900 በላይ ሕፃናት ላይ ሲታይ፣ የቤተሰቡ የኑሮ ሁኔታ ሲታሰብበት የትዕግሥቱ ውጤት በጣም አነሰ።

እኔን ይበልጥ የነካኝ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ነው። ሕፃናቱን ከሁለት ከፈሏቸው። ለግማሾቹ ሙከራውን የምታካሂደው ሴት መጀመሪያ ቃሏን ጠበቀች፤ ለግማሾቹ ግን «አመጣላችኋለሁ» ብላ ባዶ እጇን ተመለሰች። ከዚያ ጣፋጩን አስቀመጠችላቸው። የተታለሉት በአማካይ 3 ደቂቃ ገደማ ታገሡ። ቃል የተጠበቀላቸው 12 ደቂቃ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ትዕግሥት ባሕርይ ብቻ አይደለም። ሰው የሚታገሠው የነገው ቃል የሚታመን ሲሆን ነው። እቁብተኛው ወር ሙሉ፣ ዓመት ሙሉ ተራውን የሚጠብቀው ዳኛውን ስለሚያምን ነው። ልጃችሁን «ታገሥ» ከማለታችሁ በፊት ቃል የገባችሁለትን ፈጽሙ። ሠራተኛችሁን «ጠንክር» ከማለታችሁ በፊት ደመወዙን በቀኑ ክፈሉ። ታካሚን «መድኃኒትህን ውሰድ» የምንል ሐኪሞችም፣ ለምን እንደሚወስደው ቁጭ ብለን እናስረዳው። በዚህ በኩል እኛም ጥፋት አለብን።

5️⃣ ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ዕዳ አለበት

ይሄ ዋናው ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

እቁብ ላይ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ጠቅልሎ ይወስዳል። ግን ነፃ አልወጣም፤ እስከ መጨረሻው ቀን መጣል አለበት። ወስዶ የሚጠፋ ሰው በመርካቶ ሁለተኛ አይታመንም።

ጤናም እንዲህ ነው። ብዙዎቻችን ዕጣው የወጣልን ገና በወጣትነት ነው። ጠንካራ ልብ፣ ንጹሕ የደም ሥር፣ ሁለት ደህና ኩላሊት፣ ሁሉንም በአንዴ ተቀብለናል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መጣል ነበረብን። እኛ ግን ወስደን ጠፋን።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ አዋቂዎች 1.28 ቢሊዮን ያህሉ የደም ግፊት ነበረባቸው። ከነሱ 46 በመቶው እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም ነበር። ለምን? አያማቸውማ! ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ዝም ብሎ ልብን፣ አንጎልን፣ ዓይንን፣ ኩላሊትን ይጎዳል። «ማን ይመጣል?» ላሉኝ ጋሼ መልሱ ይኼ ነው። የሚመጣ አለ፤ ግን እንደ እቁብ ዳኛ በማግስቱ አይደለም። ከዓመታት በኋላ፣ የቀረውን ሁሉ ደምሮ ነው የሚመጣው። ሃያ ዓመት በእቁብ የተሠራ ሀብት በኩላሊት እጥበት ሲያልቅ ያየሁ ሰው ነኝ።

➡️ ታዲያ ምን እናድርግ? «የጤና እቁብ» እንጀምር

✅ ግፊታችሁን ተለኩ። ምንም ባያማችሁም። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ።

✅ መድኃኒታችሁን ከማትረሱት ነገር ጋር እሰሩት። «ሱቅ ከፍቼ፣ ሻይ ሳልጠጣ ኪኒኔን» ማለት ይቻላል።

✅ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። 30 ደቂቃ በ5 ቀን ማለት ነው። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድም ይቆጠራል። ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ግን «ሥራ ላይ ነኝ» ቢያሰኝም ለልብ ሥራ አይደለም።

✅ ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ወጥ ውስጥ የገባው ሁሉ ይቆጠራል።

✅ እንቅልፍ ቢያንስ 7 ሰዓት። እዚህ ላይ እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ እኩለ ሌሊት ድረስ ስልክ ይዤ የማመሽ ሐኪም ነኝ። አሁን ስልኬን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክቼ ነው የምተኛው።

✅ ዳኛ ምረጡ። ባለቤታችሁ፣ ጓደኛችሁ፣ የሥራ ባልደረባችሁ ሊሆኑ ይችላሉ። አራት አምስት ሆናችሁ በወር አንዴ ግፊት ብትለኩ፣ በሳምንት አንዴ ብትራመዱ ትልቅ ነገር ነው።

⚠️ ማሳሰቢያ፦ የግፊት መድኃኒት «ተሻለኝ» ተብሎ አይቆምም፤ የተሻላችሁ ስለወሰዳችሁት ነው። ድንገተኛ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መጣመም፣ የአንድ ጎን እጅ ወይም እግር መዛል፣ የንግግር መንተባተብ ካለ ነገ አትበሉ፤ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ።

➡️ ጋሼስ እንዴት ሆኑ?

በሚቀጥለው ቀጠሮ ይሄንኑ ነገርኳቸው። «እንግዲያው አንድ ዳኛ ይምረጡ» አልኳቸው። ብዙም አላሰቡም፤ የእቁቡን ሰብሳቢ መረጡ! በየቀኑ ሱቃቸው የሚመጣው ልጅ ብሩን ተቀብሎ ስማቸው ላይ ምልክት ካደረገ በኋላ «ጋሼ፣ ሁለተኛውንስ ጣሉ?» ይላቸዋል። ካልዋጡ እዚያው ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

ከስድስት ወር በኋላ ግፊታቸው 136/84 ሆነ። ራስ ምታቱ ሄደ። ኩላሊታቸው ያጣውን አቅም ግን መልሶ አላገኘም፤ ያ አይመለስም። አሁን የምንጠብቀው የቀረውን ነው። ይሄን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ስድስት ዓመት የቀረ እቁብ በአንዴ አይከፈልማ» አሉኝ።

እናንተስ? ወስዳችሁ የጠፋችሁት እቁብ የትኛው ነው? እንቅልፍ? እርምጃ? ምርመራ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ከሥሩ ደግሞ ዳኛ እንዲሆናችሁ የምትፈልጉትን ሰው ታግ አድርጉት። ግፊት እያለበት «ደህና ነኝ» የሚል አባት፣ እናት ወይም ጎረቤት ካላችሁ ይሄን ጽሑፍ ላኩላቸው። ስልክ የማያነቡ ከሆነ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው።

መልካም ጤና ለሁላችን!