«ሆድ ይፍጀው» እስከ መቼ? የሐራሬ አያቶችና የአግዳሚ ወንበራቸው ምሥጢር

ለመሆኑ ባለፈው ሳምንት ስንት ሰው «እንዴት ነህ?» «እንዴት ነሽ?» ብሏችኋል? ስንቱንስ «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» ብላችሁ ሸኛችሁት? መቼም እኛ አገር ሰላምታ አያልቅብንም። ስለ ቤቱ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ዘመድ አዝማዱ ተራ በተራ እንጠያየቃለን። መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። ተመርቆ ሥራ ካጣ ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅም «ደህና» ይላል። እጮኛዋ የከዳት ልጅም «ደህና» ትላለች። ሌሊቱን ጣሪያ ላይ አፍጥጦ የሚያድረውም ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ብታገኙት «አለን» ነው የሚላችሁ።

የሚገርመው ይህንን እንደ ጨዋነት መቁጠራችን ነው። «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ሆድ ግን ሁሉንም አይፈጀውም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፣ የአንዳንዱ ጭንቀት በመጠጥ ይወጣል፣ የአንዳንዱ በጫት፣ የአንዳንዱ በጠብ። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ሳይወጣ ባለቤቱን ይዞት ይሄዳል።

ዛሬ የምናወጋችሁ በሰው ሆድ ውስጥ የታመቀውን ስላወጡ አሮጊቶች ነው። ሐኪሞች አይደሉም። ነርሶችም አይደሉም። አገራቸው ዚምባብዌ፣ ከተማቸው ሐራሬ ነው። መሣሪያቸው አንዲት የእንጨት አግዳሚ ወንበር ናት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልን።)

15 ዶላር ያጣችው ልጅ

በ2005 የዚምባብዌ መንግሥት ከተሞችን «አጸዳለሁ» ብሎ ተነሣና የድሆችን ቤትና የመንገድ ዳር መነገጃ በየሰፈሩ አፈረሰ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባወጣው ሪፖርት መሠረት ወደ 700,000 የሚጠጋ ሰው ወይ ቤቱን፣ ወይ መተዳደሪያውን፣ ወይ ሁለቱንም አጣ። እንዲህ ዓይነት መከራ በላዩ የወረደ ሕዝብ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ያክማት የነበረች አንዲት ወጣት የራሷን ሕይወት አጠፋች። ሐኪሙ እናትየዋን ለምን ወደ ሆስፒታል እንዳላመጧት ሲጠይቃቸው የሰማው መልስ ዕድሜውን ሙሉ የማይረሳው ሆነ። መምጣት ፈልገው ነበር። ግን ለአውቶቡስ የሚከፈል 15 ዶላር አልነበራቸውም።

እስቲ አስቡት። ሐኪሙ አለ። መድኃኒቱ አለ። ልጅቷም መታከም ትፈልጋለች። በመካከል ያለው ገደል የአውቶቡስ ዋጋ ነው። ሐኪሙም ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ገባው። በሽተኛ እስኪመጣለት ሆስፒታል ተቀምጦ መጠበቅ የትም አያደርስም። ሕክምናው ራሱ ሰፈር መውረድ አለበት።

«የቀሩን አሮጊቶች ብቻ ናቸው»

ሐኪሙ ምባሬ ወደሚባለው የሐራሬ የድሆች ሰፈር ሄዶ የጤና ጣቢያውን ኃላፊዎች እርዳታ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር። ነርሶቹ በእርጉዞች፣ በክትባትና በኤችአይቪ ሕሙማን ተጠምደዋል፣ አንዲትም ነርስ አትገኝም ተባለ። ክፍልም የለም። ትርፍ የሆኑት በሰፈሩ እየዞሩ ጤና የሚያስተምሩ አሮጊቶች ብቻ ናቸው። ቦታ ከተፈለገ ደግሞ ውጭ ግቢው ውስጥ ነው።

እንግዲህ በ2006 ሥራው የተጀመረው በ14 አያቶችና ደጅ በተቀመጠ አግዳሚ ወንበር ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ላይ ልቡ ጥርጣሬ ገብቶት ነበር። እነዚህ እናቶች ስለ አእምሮ ሕክምና ምን ያውቃሉ? በኋላ ግን አስተማሪዎቹ እነርሱ፣ ተማሪው እርሱ ሆኖ ተገኘ።

ለምሳሌ የወንበሩን ስም ውሰዱ። ሐኪሙ «የአእምሮ ጤና ወንበር» ብሎ ሰየመው። ማን ይቀመጥበት? በአደባባይ «እብድ ነኝ» ብሎ የሚቀመጥ ማን አለ? አያቶቹ ናቸው «ልጄ፣ ይሄ ስም ሰው ያባርራል» ያሉት በሚያስብል መንገድ ስሙን ያስለወጡት። «የወዳጅነት ወንበር» ተባለ። በራሳቸው በሾና ቋንቋ ደግሞ ምክር የሚለዋወጡበት ወንበር እንደማለት ነው። ሰዉም መምጣት ጀመረ።

የበሽታውም ስም እንደዚሁ ነው። ለሰፈሩ ሰው «ዲፕሬሽን» ቢሉት አይገባውም። አያቶቹ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ መብዛት ማለት ነው። ይሄ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው እንዴ? «ሐሳብ ገብቶኛል»፣ «ሐሳብ በዛብኝ»፣ «ይቺ ልጅ ማሰብ አብዝታለች» የምንለው እኛው አይደለንም? ሰው ስለ ሕመሙ በራሱ ቃል ሲነገረው ፍርሃቱ ይለቀዋል።

ወንበሩ ላይ ምን ይወራል?

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ይሄ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም። አያቶቹ ሠልጥነዋል። ሥልጠናው እንደ ሐኪም የዓመታት ሳይሆን የቀናት ነው፤ ቢሆንም ሥርዓት አለው፣ ከበላያቸውም የሚከታተላቸው ባለሙያ አለ። ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው 14 አጫጭር ጥያቄዎች ይጠየቃል። እንቅልፍ፣ ለቅሶ፣ የሐሳብ ብዛት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ወዘተ። መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው። «አዎ» የበዛበት ሰው ወደ ወንበሩ ይላካል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው በሦስት ደረጃ ይከፈላል። የመጀመሪያው በሾና «አእምሮን መክፈት» ይባላል። አያቲቱ ዝም ብላ ትሰማለች። የመጣው ሰው ችግሮቹን ሁሉ ይዘረግፋል፤ የቤት ኪራዩን፣ የባሉን ጠባይ፣ በሽታውን፣ ሥራ ማጣቱን። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ትጠይቀዋለች። አንዱን ብቻ! የሚያስጨንቀው ሁሉም በአንድ ጊዜ መምጣቱ ነዋ።

ሁለተኛው «ማንሣት» ነው። ለተመረጠው ችግር መውጫውን ራሱ ባለቤቱ ያስባል። አያቲቱ «እንዲህ አድርግ» አትለውም። «እስኪ ምን ማድረግ ይቻልሃል? ከማን ጋር? መቼ?» ትለዋለች። ሦስተኛው «ማበርታት» ነው። ሰውየው የወሰነውን ትንሽ ነገር ሞክሮ ተመልሶ ይመጣል። ተሳካ? እሰዬው። አልተሳካም? ሌላ መንገድ ይፈለጋል። በጥቅሉ ስድስት ጊዜ ይገናኛሉ። ከዚያም የፈለገ ሰው እንደ እርሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ከነበሩ ሰዎች ማኅበር ጋር ይቀላቀላል። እዚያ ከተጣለ ፕላስቲክ ቦርሳ እየሠሩ ያወጋሉ፤ ቦርሳውም ይሸጣል።

ወሬ ነው ወይስ ሕክምና?

«ይሄማ የአሮጊት ጨዋታ ነው» የሚል አይጠፋም። ለዚህ ነው ተመራማሪዎቹ ነገሩን በሚዛን ላይ ያስቀመጡት። ከ2014 ጀምሮ በሐራሬ 24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች ተመዘገቡ። ጤና ጣቢያዎቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በግማሾቹ ሕሙማኑ የተለመደውን እንክብካቤ በተሻለ መልኩ አገኙ፤ ነርስ አየቻቸው፣ አስረዳቻቸው፣ ካስፈለገም መድኃኒት ታዘዘላቸው። በሌሎቹ ደግሞ ወንበሩ ላይ ከአያቶቹ ጋር ተቀመጡ።

ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ፣ የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት መካከል ግማሽ ያህሉ አሁንም የድባቴ ምልክት ነበራቸው። ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት ውስጥ ግን ምልክቱ የቀረባቸው ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ናቸው። ጥናቱ በታኅሣሥ 2016 የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር በሚያሳትመው ታዋቂ መጽሔት ላይ ወጣ። ወንበሩም ከሐራሬ ወጥቶ ማላዊ፣ ዛንዚባር፣ ኒውዮርክ ድረስ ተጓዘ። ሀብታሙ ከተማ ከድሃው ሰፈር ሲማር አያችሁ?

ነገር ግን እውነቱን እንናገር። ወንበሩ ሥራ አይቀጥርም፣ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ደግሞም በጥናቱ ከተካፈሉት ከመቶ 86ቱ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹስ የት ሄዱ? ይህን ጥያቄ ለእኛም ወንዶች እንተወዋለን። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው አስተዳደግ ድንበር የለውም መሰለኝ።

እኛስ ጋ?

እኛ አገር ወንበሩ የጠፋ አይመስለንም። ቡና ሦስት ጊዜ እናፈላለን። እድር አለን። የንስሐ አባት ያለው አለ፣ ሼህ የሚያማክር አለ። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ በከተሞቻችን ነርሶች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሆነው ቤት ለቤት መዞር ጀምረዋል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በሚገኙ የገጠር ወረዳዎች ተካሂዶ በ2022 የታተመ ጥናትም አንድ ትልቅ ነገር አሳይቷል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በአቅራቢያቸው ጤና ጣቢያ በሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች ሲታከሙ ያገኙት ውጤት፣ በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሲታከሙ ከሚያገኙት ያነሰ አልነበረም። አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ አይደለም መፍትሔው ማለት ነው።

ታዲያ ምን ጎደለን? ሁለት ነገር። አንደኛው ምሥጢር መጠበቅ ነው። ጠዋት ቡና ላይ የተነገረ ነገር ማታ ሰፈሩን ከዞረ ማን ደፍሮ ይናገራል? ሁለተኛው መስማት ነው። እኛ ምክር እንወዳለን። ጓደኛችን አፉን ከመክፈቱ «እሱማ ቀላል ነው!» እንላለን። «ጸልይ»፣ «እርሳው»፣ «ከአንተ የባሰ አለ» እንለዋለን። ክፋት የለብንም፤ ግን ልጁ ዳግመኛ አይነግረንም።

ስለዚህ ጓደኛችሁ፣ እኅታችሁ፣ የቢሮ ባልደረባችሁ «ደህና» ሲል ካላመናችሁት፣ ከአያቶቹ የተማርነውን ሞክሩት።

አንደኛ፣ ቦታ ምረጡ። ስልካችሁን አስቀምጡና ጎን ለጎን ተቀመጡ ወይም አብራችሁ በእግር ሂዱ። ፊት ለፊት መፋጠጥ ያሳፍራል።

ሁለተኛ፣ ሁለት ጊዜ ጠይቁ። የመጀመሪያው «እንዴት ነህ» ሰላምታ ነው። ሁለተኛው «የእውነት እንዴት ነህ?» ነው ጥያቄው።

ሦስተኛ፣ አትቸኩሉ። ዝምታ ሲመጣ በወሬ አትሙሉት። ቢያለቅስም ይተንፍስ።

አራተኛ፣ «ከዚህ ሁሉ ዛሬ አንዱን እንያዝ ብንል የቱን ትመርጣለህ?» በሉት። መልሱን ከእርሱ ጠብቁ። የሲቪ ወረቀት ማስተካከልም ቢሆን፣ እናቱ ጋ መደወልም ቢሆን ትንሽ ይሁን።

አምስተኛ፣ ተመለሱ። «ያ ነገር ምን ደረሰ?» ብሎ በሳምንቱ መደወል ከመቶ ምክር ይበልጣል።

የእናንተ ወንበር የማይበቃበት ጊዜ

አንዳንዱ ነገር ግን ከጓደኛ አቅም በላይ ነው። የሐራሬ አያቶችም ይህን ያውቃሉ፤ የከበደባቸውን ሰው ለበላይ ባለሙያ ያስተላልፋሉ። ኀዘኑ ወይም ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ከቆየ፣ መብላት መተኛት ካቃተው፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ፣ ሥራም ትምህርትም እርግፍ አድርጎ ከተወ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። «ሂድ» አትበሉት፤ አብራችሁ ሂዱ። ያቺ የ15 ዶላሯ ልጅ ትዝ ትበላችሁ። ለታክሲ የሚሆን ሳንቲምና አብሮ የሚሄድ ሰው ሕይወት ያድናል።

«መኖር ሰለቸኝ»፣ «እኔ ባልኖር ይሻላል» የሚል ቃል ከሰማችሁ ደግሞ አትለፉት። በግልጽ «ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብሎ ይፈራል። ጥናቶች የሚሉት ግን ሌላ ነው። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ እንዲያውም ለብዙው ሰው እፎይታ ነው። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት። ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ ቤተሰብ ጥሩ፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት። ምሥጢር መጠበቅ ትልቅ ነገር ነው ብለናል፤ ይህንን ምሥጢር ግን ብቻችሁን አትያዙት። ነገ ቢቆጣችሁም ይቆጣ፤ ለመቆጣትም በሕይወት መኖር ያስፈልጋል።

አንባቢያችን ሆይ፣ ሐሳብ የበዛብህ አንተ ራስህ፣ አንቺ ራስሽ ከሆንሽስ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሁሉን ለሁሉ መናገር አያስፈልግም። አንድ ሰው ይበቃል። አክስትም ትሁን፣ የድሮ አስተማሪ፣ ቤት ለቤት የምትዞረዋ ነርስ ወይም ጥግ ላይ ጉሊት የምትቸረችረው እማማ። የሐራሬዎቹ አያቶች ያረጋገጡልን ይህንኑ ነው። ጭንቀት የሚሰማው ሰው ሲያገኝ ይቀላል፤ በሥርዓት የሚሰማው ሲያገኝ ደግሞ ይድናል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ሁለት ጊዜ «እንዴት ነህ?» በሉ። ቸር ሰንብቱ።